ግራጫ ዓሣ ነባሪን ከጀልባ ላይ ማየት፦ ትንፋሹን የቆጠረ ያየዋል

ግራጫ ዓሣ ነባሪ እስከ 15 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም እስከ 40 ቶን ይደርሳል። ይህን የሚያክል ፍጡር ከዓይን ያመልጣል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሆኖም ለጉብኝት ጀልባ ላይ ከወጡት ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ሰዓት የሚጨርሱት «ያውና!» ወደተባለበት አቅጣጫ ዘግይተው ሲዞሩ ነው። እስኪዞሩ ውሃው ገጥሟል። ካፒቴኑ ግን ባዶ ወደሚመስል ባሕር አፍጥጦ ይቆይና እንስሳው ከመውጣቱ በፊት ጣቱን ይቀስራል። ምሥጢሩ ቆጠራ ነው።

ስሙ ዓሣ ቢለውም አጥቢ እንስሳ ነው፤ በሳንባ ስለሚተነፍስ ሳይወድ በግድ ወደ ላይ ይወጣል። በጉዞ ላይ ያለ ግራጫ ዓሣ ነባሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ እያሳለፈ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይተነፍሳል። ከመጨረሻው ትንፋሽ በኋላ ጀርባው ከቀድሞው ከፍ ብሎ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ብዙ ጊዜም 3 ሜትር ገደማ የሚሰፋው ጅራቱ ከውሃ ይነሣል፣ ከዚያ ቁልቁል ይጠልቃል። ቀጥሎ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያህል አይታይም። ይህ ዙር ሳይሰለች ይደጋገማል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ሲያዩ ካሜራ ለመፈለግ አይጣደፉ። ቦታውን ብቻ ይያዙ። ሁለተኛው ትንፋሽ ከየት እንደወጣ ሲያዩ ሁለቱን ነጥቦች በሐሳብዎ በመስመር ያገናኙ፤ እንስሳው የሚሄደው በዚያ መስመር ላይ ነው። ጅራቱ ተነሥቶ ከጠለቀ በኋላ ሰዓትዎን ይመልከቱ። በሰዓት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ በ4 ደቂቃ ውስጥ ከ330 እስከ 530 ሜትር ያህል ይርቃል። የጠለቀበት ቦታ ላይ ማፍጠጥ ትርፉ ዓይን ማድከም ነው፤ መታየት ያለበት በመስመሩ ላይ ወደፊት ያለው ውሃ ነው።

ውሃው ራሱም ፍንጭ ይሰጣል። ጅራቱ ከሥር በመታ ቁጥር ወደ ላይ የሚገፋው ውሃ ሞገዱን ጨፍልቆ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ለስላሳ ክብ ይሠራል። ባሕርተኞች «ዱካ» ይሉታል። ሁለት ሦስት ዱካዎች በተርታ ከታዩ እንስሳው ከሥር ወዴት እንደሚያቀና ያለ ሌላ ምልክት ይታወቃል። ችግሩ ነፋስ ነው፤ ነጭ አረፋ የሚበዛበት ባሕር ዱካውን ወዲያው ያጠፋዋል።

ትንፋሹ የእንስሳው መታወቂያ ወረቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግራጫው ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ አለው፤ ከፊት ወይም ከኋላ ሲታይ የሚረጨው እንፋሎት ለሁለት ተከፍሎ የልብ ቅርጽ ይይዛል፤ ከፍታው ከ3 እስከ 4 ሜትር ነው። ከጎን ሲታይ ግን ተራ ቁጥቋጦ ይመስላል፤ ስለዚህ ልብ ካላዩ «ግራጫ አይደለም» ብለው አይፍረዱ። የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ቀጥ ብሎ 9 ሜትር ያህል ይወጣል። ሃምፕባክ የተባለው ሌላ ዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ከግራጫው ጋር ሊምታታ ይችላል፤ እዚህ ላይ ጀርባ ይፈርዳል። ሃምፕባክ ትንሽ የጀርባ ክንፍ አለው። ግራጫው ክንፍ የለውም፤ በምትኩ ዝቅ ያለ ጉብታ፣ ከጉብታው ኋላ እስከ ጅራቱ ድረስ ደግሞ ከ6 እስከ 12 የሚደርሱ እንደ ጣት አንጓ ያበጡ እብጠቶች ይታያሉ።

አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ የሚመሩ ጀልባዎች አቅጣጫን የሚናገሩት በሰዓት ፊት ነው፦ የጀልባዋ አፍንጫ 12፣ የቀኝ ጎኗ 3፣ የኋላዋ 6፣ የግራ ጎኗ 9። «ስሪ ኦክሎክ» ሲባል ከልማድ «ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ የሚተረጉም ጆሮ ዘጠኝ ቁጥር ወዳለበት ወደ ግራ ይዞራል፤ ዓሣ ነባሪው ደግሞ በቀኝ ነው። በባሕር ላይ ስድስት ሰዓት መቀነስም መደመርም የለም፤ የተጠራው ቁጥር ራሱ አቅጣጫው ነው።

መቼና የት

ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ግራጫዎቹ የሰሜኑን በጋ፣ ማለትም ከጁን ጀምሮ ያሉትን ሞቃት ወራት፣ የሚያሳልፉት በቤሪንግና በቹክቺ ባሕሮች፣ በአላስካና በሩሲያ መካከል እየተመገቡ ነው። በመኸር ወደ ደቡብ ተነሥተው በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ወደሚገኙት ጥልቀት የሌላቸው ሞቃት ላጉኖች (ከባሕሩ ጋር የተገናኙ ሐይቅ መሳይ ውሃዎች) ይወርዳሉ። ደርሶ መልሱ ከ16,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

በካሊፎርኒያ ዳርቻ፣ ማለትም ከሳንዲዬጎ፣ ከዴና ፖይንት ወይም ከሞንቴሬይ ለሚነሣ ሰው ሁለት የማለፊያ ወቅቶች አሉ። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ ወደ ደቡብ ያልፋሉ፤ ቀድመው የሚመጡት ለመውለድ የተቃረቡት እናቶች ናቸው፤ ይፈጥናሉ፣ ለጀልባም ግድ የላቸውም። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ፤ እናቶች ከግልገሎቻቸው ጋር መጨረሻ ላይ፣ በኤፕሪልና በሜይ፣ ዳርቻውን ተጠግተው በዝግታ ይሄዳሉ። ግልገል ማየት የሚፈልግ ሰው በጃንዋሪ መሄዱ ስሕተት ነው። በሞንቴሬይ በኤፕሪልና በሜይ ሌላ ትዕይንት ይጨመራል፦ ከባሕሩ ሥር ያለው ጥልቅ ገደል እናቶቹ ክፍት ውሃ እንዲያቋርጡ ስለሚያስገድዳቸው ኦርካ የሚባሉት አዳኝ ዓሣ ነባሪዎች እዚያ ይጠብቋቸዋል። ማየቱ ለሁሉም ሆድ አይስማማም፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ቀድሞ ያስብበት።

ሁሉም ወደ ሰሜን አይደርሱም። ጥቂት መቶዎች በጋውን ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ካናዳ ባለው ዳርቻ ይቀራሉ። በኦሪገኗ ዲፖ ቤይ ከጁን እስከ ኦክቶበር በባሕር አረም መካከል ጥቃቅን ሽሪምፕ ሲለቅሙ ይታያሉ። በዋሺንግተን ግዛት ፒውጀት ሳውንድ ደግሞ በማርችና በሜይ መካከል ጥቂቶች ጎራ ይሉና ጭቃ ውስጥ የሚኖር ሽሪምፕ ይበላሉ። አበላላቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። ግራጫው በጎኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጎኑ፣ ተኝቶ የባሕሩን ወለል ጭቃ በአፉ ይስባል፤ ከዚያ ጭቃውንና ውሃውን ባሊን በሚባለው ማበጠሪያ መሳይ ማጣሪያ በኩል ይተፋል፤ ምግቡ ውስጥ ይቀራል። ውሃው ላይ ቡናማ ደመና ሲበተን ካዩ ከሥሩ ማዕድ ተዘርግቷል ማለት ነው። ፊቱ ከቀረበ የቀኝ ጉንጩን ያስተውሉ፦ ከጭቃው ጋር ሲፋተግ ስለሚኖር ግራው ላይ የተጣበቁት ድንጋይ የሚመስሉ ቅርፊታም ጥገኞች ቀኙ ላይ ያንሳሉ። በጥገኞቹ ዙሪያ የሚታየው ብርቱካናማ ነገር የዓሣ ነባሪ ቅማል ነው፤ የሞተ ቆዳ እየበላ ይኖራል። ሆዱ ቶሎ የሚገለበጥበት ሰው ዓሣ ነባሪው አጠገብ ባይቆም ይሻላል፤ ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ዓሣ ይሸታል።

ጀልባና ሆድ

ትልቅ ጀልባ፣ ማለትም 20 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሽንት ቤትና መጠለያ አለው፤ ማዕበሉንም ይቋቋማል። ጉድለቱ ከፍታው ነው፦ እንስሳውን ቁልቁል ያዩታል፣ ሰው በአንድ ጎን ሲሰበሰብም ከፊት ያልቀደመ አያይም። በአየር የሚነፋው ፈጣን ጀልባ ከውሃው እኩል ያስቀምጣል፤ ግን ያረጥባል፣ ይደበድባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ቤት የለውም፤ ለነፍሰ ጡርና ወገቡን ለሚያመው ሰው አይሆንም። ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ከጉዞው ስንቱ ደቂቃ በመሄድና በመመለስ ያልቃል? የባሕር እንስሳት ባለሙያ አብሮ ይወጣል? ዓሣ ነባሪ ካልታየ ሌላ ቀን በነጻ ያወጣሉ?

የባሕሩን ትንበያ ሲያዩ ከማዕበሉ ቁመት ይልቅ በሁለት ማዕበሎች መካከል ያለው ሰከንድ ይበልጥ ይናገራል። 2 ሜትር ማዕበል በ14 ሰከንድ ልዩነት ሲመጣ ጀልባዋን በዝግታ ያነሣታል፣ ያወርዳታል፤ ያው 2 ሜትር በ7 ሰከንድ ሲመጣ ግን ቁርስ አያስቀርም። በዚያ ዳርቻ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የጠዋቱን ጉዞ መምረጥ ይሻላል፤ ትንፋሽም በተረጋጋ ውሃ ላይ ከሩቅ ይታያል።

ማቅለሽለሹ የሚመጣው ዓይንና የውስጥ ጆሮ ሲጣሉ ነው፦ ጆሮ «እየተወዛወዝን ነው» ሲል፣ ስልክ ላይ የተተከለ ዓይን «ኧረ ዝም ብለናል» ይላል። ስለዚህ ከጀልባዋ መካከል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሆነው አድማሱን ይመልከቱ። ወደ ታችኛው ዝግ ክፍል መግባት የብዙዎች ስሕተት ነው፤ አድማሱ ስለሚጠፋ ይብሳል። መድኃኒት የሚሠራው ቀድሞ ሲወሰድ ብቻ ነው፦ ሜክሊዚን የሚባለው ክኒን ከመነሣትዎ 1 ሰዓት በፊት፣ ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ቢያንስ 4 ሰዓት በፊት። ስኮፖላሚንን የነካ እጅ ሳይታጠብ ዓይን ቢያሽ ብሌኑን አስፍቶ ዕይታን ያደበዝዛል፤ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር አይለጥፈው። አንዴ ማስመለስ ከጀመሩ ክኒኑን መዋጥ ከንቱ ነው። ያኔ ወደ ኋላ፣ ነፋሱ ከጀርባዎ ወደሚመጣበት ጎን ይሂዱ፤ ነፋሱን ፊት ለፊት የተቀበለ ምን እንደሚደርስበት መናገር አያስፈልግም።

የሚይዙት ባይኖኩላር 7 ወይም 8 ጊዜ የሚያጎላ ይሁን። 12 ጊዜ የሚያጎላው የእጅንና የጀልባን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላ ምንም አያሳይም። ካሜራ ያለው የመዝጊያውን ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ያድርገው፤ የጅራቱን ፎቶ የሚያነሡትም ከሦስተኛው ትንፋሽ በኋላ ጣታቸው ዝግጁ የሆነ ናቸው።

ጀልባዋ እንዴት መቅረብ አለባት?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግ እንስሳውን ማስጨነቅ ይከለክላል፤ ለትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች የተቀመጠው መመሪያም 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር መራቅ ነው። በካናዳ 100 ሜትር ነው፤ ግልገል ካለ ወይም እንስሳው ካረፈ 200። ቁጥሩ ብቻውን ግን ጥሩ ካፒቴን አያደርግም፤ ይልቅ አቀራረቡን ይመልከቱ።

ጥሩ ካፒቴን ገና ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከጎንና በትንሹ ከኋላ መጥቶ ከእንስሳው ጋር ትይዩ ይሄዳል፤ ፍጥነቱንም ከመንጋው ቀርፋፋ ጋር ያስተካክላል። ከፊት ለፊት አይመጣም፣ ከጀርባ አያሳድድም፣ በእናትና በግልገል መካከል አይገባም። መጥፎው ካፒቴን ደግሞ በአንድ ልማዱ ይታወቃል፦ እንስሳው ሲጠልቅ በፍጥነት ቀድሞ መንገዱ ላይ ይቆማል። ለተሳፋሪው ደስ ይላል፤ ለአንድ ጊዜ በጣም በቅርብ ይታያልና። ዓሣ ነባሪው ግን ሞተሩ ሲጮህበት አቅጣጫውን ይለውጣል፣ የመጥለቂያ ጊዜውን ያረዝማል፣ ያ ሁሉ ቆጠራም ይፈርሳል። ያልተረበሸ እንስሳ ለግማሽ ሰዓት በሰዓቱ ይወጣል፤ የተሳደደ ጥሎ ይጠፋል። አንድ ጀልባ ከ30 ደቂቃ በላይ አብሮት መቆየትም የለባትም፤ ከኋላ ሌሎች አሉ።

መረበሹ የሚታወቀው በድንገት አቅጣጫ ሲቀይር፣ ጅራቱን በውሃው ላይ ሲያጮህ፣ ግልገሉ ከእናቱ ጎን ሲለጠፍ ነው። ግራጫው አንድ የተለየ ብልሃትም አለው፦ ትንፋሹን ከውሃ ሥር ያወጣና የአፍንጫውን ቀዳዳ ብቻ ብቅ አድርጎ አየር ስቦ ይመለሳል፤ እንፋሎት አይታይም፣ ጀርባም አይታይም። «ዓሣ ነባሪው ጠፋ» ሲባል አንዳንዴ ተደብቆ ነው።

እንስሳው ራሱ ወደ ጀልባዋ ቢመጣስ? ማርሹ ይፈታል፤ ሞተሩ ግን እያንኳኳ ይቆያል። ማጥፋቱ ጨዋነት ይመስላል፤ ዓሣ ነባሪው ግን ጀልባዋ የት እንዳለች የሚያውቀው በድምፁ ነው።

የሚነካበት ቦታ

በካሊፎርኒያ እጅን ዘርግቶ መንካት ሕግ መጣስ ነው። በባሃ ላጉኖች፣ በተለይ በሳን ኢግናስዮ፣ ነገሩ የተለየ ነው፤ እናቶች ግልገሎቻቸውን እየገፉ ወደ ጀልባ ያመጣሉ። ታሪኩ ግን ከዚህ የራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ የቻርለስ ስካሞን አዳኞች በኦሆ ዴ ልዬብሬ ላጉን እናቶቹን ከነግልገሎቻቸው ሲፈጁ፣ ግራጫዎቹ ጀልባ እየሰባበሩ ስለሚከላከሉ «ሰይጣን ዓሣ» ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፍራንሲስኮ ማዮራል የተባለ የሳን ኢግናስዮ ዓሣ አጥማጅ አንዱ ዓሣ ነባሪ ከጀልባው አልለይ ሲለው እጁን ዘርግቶ ነካው፤ የዛሬው ጉብኝት ከዚያ ቀን ይነሣል።

በላጉኖቹ የሚሠሩት ፓንጋ የሚባሉ፣ 7 ሜትር ገደማ የሚሆኑ ክፍት ጀልባዎች ናቸው። ፈቃድ ያለው ብቻ ይገባል፣ የሕይወት አድን ጃኬት ግዴታ ነው፣ በመመልከቻው ክልል የሚቆዩበት ጊዜም የተወሰነ ነው። ወቅቱ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ነው፤ ለመንካት ግን ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች ይሻላል። ግልገሉ ሲወለድ 4.5 ሜትር ያህል ነው፤ ከግማሽ በላዩ ስብ የሆነ ወተት እየጠባ ሲጠነክር እናትየው ዘና ትላለች። ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ በመዳፍ ይንኩ፣ ዓይኑንና የአፍንጫውን ቀዳዳ አይንኩ። ሁሉም ሰው በአንድ ጎን አይሰብሰብ፤ ፓንጋ ይገለበጣል። ቆዳው ጠንካራ ይመስላል እንጂ እንደ ተላጠ የተቀቀለ እንቁላል ይለሰልሳል።

በመንገድ ላይ የሚገኙ ሌሎች

ከጀልባዋ አፍንጫ ፊት የሚጋልቡት ዶልፊኖች ሞገዱ ስለሚገፋቸው በነጻ ይጓዛሉ፤ ካፒቴኑ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ሳይለውጥ ከቀጠለ አይለዩም። በተንሳፋፊ የወደብ ምልክት ላይ የሚጮሁት የባሕር አንበሶች ናቸው፤ ጆሯቸው ውጪ ይታያል፣ «ሲል» (seal) የሚባለው ዘመዳቸው ግን ውጪ ጆሮ የለውም። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ክንፍ ካዩ ሻርክ ነው ብለው አይደንግጡ፤ በጎኑ ተኝቶ ፀሐይ የሚሞቀው ሞላ ሞላ የተባለው ክብ ዓሣ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ያለ፣ እስከ 1.8 ሜትር የሚደርስ ጥቁር ክንፍ ግን የወንድ ኦርካ ነው።

ከስተው የሚመጡት

የግራጫዎቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 27,000 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርካቶች ዳርቻ ላይ ሞተው ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2023 በሜክሲኮ፣ በአሜሪካና በካናዳ ዳርቻ 690 ሬሳ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2025 የተገመተው ወደ 13,000 ነው። ዋናው ምክንያት በሰሜን የሚመገቡባቸው ባሕሮች ተለውጠው ስንቃቸው መጉደሉ ነው። ከጀልባ ላይ ይህ በዓይን ይታያል፦ የጠገበ ግራጫ ከአፍንጫው ቀዳዳ ኋላ አንገቱ ሙሉ ነው፤ የተራበው ግን እዚያ ጋ ሰርጉዶ ጭንቅላቱ የለውዝ ቅርፊት ይመስላል። እንዲህ ያለው ስንቅ ፍለጋ ወደ መርከብ መተላለፊያ፣ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ሳይቀር ይገባል።

የዓሣ ማጥመጃ ገመድ የተጠመጠመበት ዓሣ ነባሪ ከታየ ካፒቴኑ በሬዲዮ መስመር 16 ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ይናገራል፣ ከሩቅ ሆኖም እርዳታ እስኪደርስ ይከታተለዋል። ተሳፋሪው ብዙ ጊዜ «ቁረጡለት እንጂ!» ይላል። ከጅራቱ ኋላ የሚንሳፈፈውን ገመድና ፊኛ ቢቆርጡለት ግን ሥጋው ውስጥ የገባው ገመድ ይቀራል፤ የነፍስ አድን ቡድኑ የመከታተያ መሣሪያውን የሚያስርበትና እንስሳውን የሚይዝበት ብቸኛው ጫፍ ደግሞ ያ የተቆረጠው ነበር።